ያረጀ ፒያኖ ሲቃኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለቤቱ ሁሌም የሚለው አንድ ነው፦ "ቅኝቱ ብቻ ነው የወረደው፤ ሌላው ደህና ነው።" ለዓመታት ያልተነካ ፒያኖ ላይ ይህን ቃል አምኖ መጀመር የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ሳይፈትሹ መጀመር። ክሮቹ የተጠመጠሙባቸውን ፒኖች ጥቂቶቹን በመቃኛው ይሞክሯቸው። ጤነኛ ፒን ጠበቅ ብሎ ነው የሚዞረው። ያለ ትግል ከዞረ የተሰካበት ጣውላ ደርቋል ወይም ተሰንጥቋል፤ ዛሬ የቃኙት ነገ አይገኝም። ቁልፎቹን አንስተው ከእነሱ በታች ያለውንም ይዩ። ብል የበላው ሱፍ፣ አንዳንዴም የአይጥ ጎጆ ይጠብቅዎታል።

በአንድ ጊዜ ወደ 440 (ወደ መደበኛው ቅኝት፣ "ላ" የሚባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ወደሚነዝርበት) መጎተት። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ፒያኖ ወደ 230 ገደማ ክሮች አሉት። እያንዳንዱ በአማካይ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል፤ ሲደመር ከ15 ቶን ያልፋል። ቅኝቱ በግማሽ ድምፅ የወረደን ፒያኖ ሲያነሱ በዚህ ላይ ብዙ ጭነት ይጨምራሉ። ከክሮቹ ስር ያለው የድምፅ ሰሌዳ (ድምፁን የሚያጎላው ሰፊ ጣውላ) ጎንበስ ይላል፤ ቀጭኖቹ ክሮች ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የቃኟቸው ወርደው ያገኟቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በግርድፉ ያንሱት፣ ከዚያ ያስተካክሉት፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ይመለሱ።

ክሩ ከዛገ ከማጥበቅዎ በፊት በጣም ትንሽ ያላሉት። "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማሉ፤ ዝገቱ ለቀቀ ማለት ነው። ይህን ሳያደርጉ ከጎተቱ ክሩ ሊበጠስ፣ ፊትም ሊመታ ይችላል። የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። እውነቱን ለመናገር፣ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ከሆነ እኔ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ እርስ በርሱ እንዲስማማ አድርጌ መተው እመርጣለሁ።

የሚረጭ ዘይት። በፍጹም! ዘይቱ ወደ ጣውላው ከሰረገ ፒኖቹ መያዛቸውን ይተዋሉ፤ ማውጫም የለውም።

በፒንሳ ማዞር። የፒኑ ራስ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው መቃኛም አይዘውም።

ያገኙትን ሽቦ መተካት። ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት። መዳብ የተጠመጠመባቸው የወፍራም ድምፅ ክሮች ደግሞ በልካቸው ይሠራሉ። አዲስ ክር ደጋግሞ ይላላል። ይህን ለባለቤቱ አስቀድመው ይንገሩት፤ አለዚያ በማግስቱ "ምኑን ቃኘኸው?" ብሎ ይደውላል።