ለአራት ዶሮ የሚበቃ ጓሮ

አያት አካባቢ ትንሽ ጓሮ ካላችሁ አራት ዶሮ አይበዛባችሁም። ጫጩት አትግዙ። የፈንግል ክትባቷን የወሰደች የሦስት ወር ቄብ ትሻላለች። አውራ ዶሮ ይቅርባችሁ፤ ያለሱም ይጥላሉ፣ ጎረቤትም በሌሊት አይነቃም።

ቤቱ ላይ አትቆጥቡ። የኔ ጭንቀት ሸለምጥማጥ ነው፤ ጠባብ ቀዳዳ ይበቃዋል። ዓይኑ ደቃቅ የሆነ ሽቦ አድርጉ፣ ጫፉን መሬት ውስጥ ቅበሩት። ሲመሽ በሩን ራሳችሁ ዝጉ፤ ለልጆች ከተዋችሁት አለቀ! ቆጡን ከፍ አድርጉ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ በትኑ፣ ሲረጥብ ቀይሩት።

መኖ ለአንዷ በቀን 100 ግራም ገደማ ነው። የጎመን ቅጠልም ይወዳሉ። የእንቁላል ቅርፊት አድርቃችሁና ፈጭታችሁ ጨምሩላቸው። የአቮካዶ ልጣጭ ግን ይመርዛቸዋል፤ ከትርፍራፊው ለዩት።