ቃሪያው ያልበቀለው ዘሩ ሞቶ ነው ወይስ በርዶት?

አብረው ተዘርተው ጎመኑና ሰላጣው በሳምንት ብቅ ሲሉ ቃሪያው ሦስት ሳምንት ድምፁን ካጠፋ፣ የመጀመሪያው ተረጋሚ ዘር ሻጩ ነው። አንዳንዴ እውነትም ጥፋተኛው እሱ ነው። ደጋ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የብርዱ ነው። ቃሪያና በርበሬ ለመጎንቆል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይወዳሉ፤ ከ15 በታች ሲሆን እርጥብ አፈር ውስጥ ተኝተው ይበሰብሳሉ እንጂ አይነሱም። አዲስ አበባ በረንዳ ላይ የኅዳርን ሌሊት ያደረ አፈር ደግሞ ጠዋት ሲነካ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ አፈር ከመንካትዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ለይተው ይወቁ፦ ዘሩ ሕይወት አለው ወይ? የሚቀመጥበት ቦታስ ይስማማዋል ወይ? ለሁለቱም መልስ የሚሰጠው ሶፍትና ፌስታል ነው።

የሶፍት ሙከራ

ከከረጢቱ 40 ዘር ሳይመርጡ ይቁጠሩ። ደልደል ያሉትን ብቻ ከለቀሙ ውጤቱ ያታልልዎታል። ሃያ ሃያ አድርገው ለሁለት ይክፈሉ። ወፍራሙን የወጥ ቤት ሶፍት ይጠቀሙ፤ የመጸዳጃ ቤቱ ሲርስ ይበጣጠሳል፣ ሥሩም ይጣበቅበታል። ሶፍቱን ውሃ ውስጥ ነክረው በደንብ ይጭመቁት፤ በጣት ሲጫኑት ጠብታ መውጣት የለበትም። ዘር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል፤ ውሃ ላይ የዋኘ ዘር ታፍኖ ይሞታል። ዘሮቹን እርስ በርስ እንዳይነካኩ አራርቀው ደርድረው ሶፍቱን ያጥፉና ፌስታል ውስጥ ያስገቡ፣ አፉን ጥብቅ አድርገው ግን አይሰሩት። የዘሩን ዓይነትና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው አብረው ይክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥበት ይፈሳል።

አንዱን ፌስታል ሞቅ ያለ ቦታ፣ ሌላውን ችግኙን ሊያፈሉ ያሰቡበት ቦታ ያስቀምጡ። ለሙቀት የፍሪጅ አናት ይሆናል፤ ቀን ከሌሊት የማይጠፋ የዋይፋይ ራውተር ካለም ሳህን ዘርግቶ በአጠገቡ ማስቀመጥ ነው። ገና የተጋገረበት ምጣድ ግን አይሆንም። መዳፍዎን ዝም ብለው ሊያሳርፉበት የማይችሉት ቦታ ዘሩንም ይቀቅለዋል። በየቀኑ ገለጥ አድርገው አየር ያስገቡ፣ ሻጋታ የያዘውን ዘር አውጥተው ይጣሉ፣ ሶፍቱ ከደረቀ ትንሽ ውሃ ይርጩ።

ሁለቱ ፌስታሎች የሚለያዩት በሙቀት ብቻ ይሁን። አንዱን ዘፍዝፈው ሌላውን በደረቁ ካስገቡ የትኛው ለውጥ እንደሠራ አይታወቅም። መዘፍዘፍን መፈተን ከፈለጉ በሌላ ዙር ሁለቱንም ሙቀት ቦታ አድርገው ያወዳድሩ። ቃሪያ ለአንድ ሌሊት ቢዘፈዘፍ ይበቃዋል፤ ከ24 ሰዓት በላይ ማቆየት ጉዳቱ ያመዝናል።

ሙቀቱ ከተስማማው ጎመንና ሰላጣ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ቲማቲም ከ5 እስከ 10፣ ቃሪያ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ሥር ያወጣሉ። ሞቅ ያለው ጎንቁሎ ቀዝቃዛው ዝም ካለ ዘሩ ደህና ነው፤ መቀየር ያለበት ቦታው ነው። ሁለቱም ዝም ካሉ ዘሩ አርጅቷል። ከ20 ውስጥ 16 ከወጣ 80 በመቶ ነው፣ እንደ ልማድዎ ይዝሩ። 10 ብቻ ከሆነ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሁለት ይጣሉ። ከ6 ካነሰ አዲስ ዘር መግዛት ይሻላል፣ የወጡትም ደካሞች ናቸው። የሽንኩርት ዘር በተለይ ቶሎ ይሞታል፤ ካለፈው ዓመት የተረፈውን ሳይፈትኑ አይዝሩ። ውሃ ውስጥ ጨምሮ «የሰመጠው ደህና፣ የተንሳፈፈው ሙት» የሚባለውን አይመኑ። ቀላልና ደረቅ የቃሪያ ዘር ሕያው ሆኖም ይንሳፈፋል።

ወደ አፈር ማዛወር

የጎነቆለውን ዘር መጣል የለብዎትም። ሥሩ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ዘሩን እንጂ ሥሩን ሳይነኩ በወረንጦ ያንሱት። ሥሩ ሶፍቱ ውስጥ ከገባ አይጎትቱት፣ ሶፍቱን ቀደው አብረው ይቅበሩት። ሥሩን ወደ ታች አድርገው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ያልብሱት።

አፈሩ ሦስት እጅ ተራ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ሆኖ በወንፊት ይነፋ። ያልበሰለ ፍግ ለጋ ሥር ያቃጥላል። ከመዝራትዎ በፊት ባለው ቀን የፈላ ውሃ ቢያፈሱበት ችግኝ የሚያወድቀውን ሻጋታ ይቀንሳል። ለዕቃ ሃይላንድ ይበቃል፦ ወገቡ ላይ ይቁረጡት፣ ከሥሩ አራት ቀዳዳ ይብሱለት፣ የላይኛውን ግማሽ ቡሹን ነቅለው እንደ ክዳን ይድፉበት። ቡቃያው እንደታየ ክዳኑ ይነሳ፣ ችግኙም በዚያው ቀን ብርሃን ወዳለበት ይውጣ። እዚህ ላይ ሁለት ቀን መዘግየት ነው ቀጭን፣ ረጅምና ራሱን የማይችል ችግኝ የሚያመጣው።

አንገቱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ ሟሽሾ ከወደቀ ውሃ በዝቷል፣ አየርም አንሷል። የወደቀው አይድንም። ለቀሩት ከላይ ማጠጣቱን ትተው ዕቃውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ሃያ ደቂቃ አስቀምጠው ያንሱት። ቡቃያው የዘሩን ልጣጭ እንደ ኮፍያ ደፍቶ ከወጣ ደግሞ የተዘራው ከላይ ከላይ ነው ወይም አፈሩ ደርቋል። ልጣጩን በውሃ ጠብታ አርሰው ይጠብቁ፤ በጥፍር ቢነቅሉት ቅጠሉም አብሮ ይነቀላል።

ይህ ዘዴ የማይሠራላቸው

ካሮትን በሶፍት መፈተን እንጂ ማዛወር አይቻልም፣ ሥሩ ይቀነጣጠባል። መደቡ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ይዘራ፣ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ጆንያውን በየጠዋቱ ገልጠው ይዩ፣ አረንጓዴ እንዳዩ ያንሱት። ሰላጣ የቃሪያ ተቃራኒ ነው፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ እንቅልፍ ይይዘዋል። ድሬዳዋ ያለ ሰው ሰላጣን ፍሪጅ አናት ላይ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ጥግ ፈልጎ ያስቀምጥ፤ ሲዘራም አፈር ነስነስ ይበቃዋል፣ ብርሃን ይወዳል። የቀይ ሥርና የቆስጣ «አንድ ዘር» የብዙ ዘሮች ጥምር ስለሆነ ከ20 ፍሬ 30 ቡቃያ ቢቆጥሩ አልተሳሳቱም። ድንብላልን በመዳፍ ጫን አድርገው ለሁለት ይክፈሉት። በሶብላ አይዘፈዘፍም፣ እንደ ንፍጥ ተያይዞ ለመዝራት ያስቸግራል። የፓፓያ ዘር የሸፈነው ዝልግልግ ልባስ መብቀልን ስለሚከለክል በአሸዋ ታሽቶ ይታጠብ፤ ከዚያም ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሡት።

ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም ደማቅ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር በመድኃኒት የታሸ ነው። በጓንት ይያዙት፣ ለወረንጦውና ለሳህኑ ከወጥ ቤት የማይመለስ ዕቃ ይመድቡ። የተረፈውን ለዶሮ አይስጡ።