ርካሽ የቤይትካስቲንግ ሪል፦ አመራረጡ፣ አስተካከሉና አያያዙ

ቤይትካስቲንግ ሪል ከማጥመጃ ዘንጉ በላይ የሚቀመጥ፣ ሲወረወር ጥንጥኑ (ክሩ የተጠቀለለበት ክፍል) ራሱ የሚሽከረከር የክር መጠቅለያ ነው። ብዙ ሰው የለመደው ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለውን ስፒኒንግ ሪል ነው፤ በዚያኛው ጥንጥኑ ቆሞ ክሩ ብቻ እየተፈታ ይወጣል። በቤይትካስቲንግ ግን ክር የሚወጣው ጥንጥኑ በዞረ ልክ ነው። ጥቅሙም ችግሩም ከዚህ ይነሳል። ወፍራም ክር ይችላል፤ ማባበያውን (ዓሣውን ለማታለል ክሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን) በአውራ ጣት አቁሞ የፈለጉት ቦታ ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ ከባድ ዓሣን ከሣር ውስጥ ጎትቶ ለማውጣት ጉልበት አለው። ታዲያ ማባበያው አየር ላይ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጥንጥኑ በጀመረው ፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል፤ መውጫ ያጣው ክር እዚያው ተቆልሎ ውሉ የጠፋ ልቃቂት ይሆናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አጥማጆች «የወፍ ጎጆ» የሚሉት ይህንን ነው።

ስለዚህ ሪል ሲገዙም፣ ሲያስተካክሉም፣ ዘይት ሲያጠጡም ጥያቄው አንድ ነው፦ የጥንጥኑ ፍጥነት ከማባበያው ፍጥነት ጋር ይስማማል ወይ? ከ40 እስከ 100 ዶላር የሚሸጥ ሪል ይህንን በደንብ ሊሠራ ይችላል። ዋጋውን ከፍ የሚያደርጉት አብዛኞቹ ነገሮች ለጀማሪ ለውጥ አያመጡም።

ከመግዛትዎ በፊት

መጀመሪያ የሚወረውሩትን ክብደት ይወቁ። የርካሽ ሪል ጥንጥን ከበድ ስለሚል ከ7 ግራም በታች የሆነ ማባበያ እንደልብ አያስነሳውም። ከ10 እስከ 20 ግራም ያለው ይስማማዋል። ሐሳብዎ በትንሽ መንጠቆና በትል ቆሮሶ ማጥመድ ከሆነ ስፒኒንግ ይግዙ፤ ይህ ሪል ለእርስዎ አልተሠራም። ዋሽንግተን አካባቢ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ግን ተስማሚው ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ ናይል ፐርች ለማጥመድ ያሰበ ሰው ደግሞ ዝቅ ያለውንና ጠፍጣፋውን ዓይነት ትቶ ብዙ ክር የሚይዘውን ክብ ሪል ይፈልግ፤ በአሥር ኪሎዎች የሚመዘን ዓሣ የትንሹን ሪል ክር በአንድ ሩጫ ይጨርሰዋል።

ቀጥሎ ፍሬኑን ይመልከቱ። ሁለት ዓይነት ነው። በማግኔት የሚሠራው ማግኔቶቹ ከአሉሚኒየሙ ጥንጥን አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሳይነኩት በውስጡ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥሩና መዞሩን ይይዙታል። የሚስተካከለው ከውጭ ቁጥር በማዞር ነው። ሁለተኛው ሴንትሪፉጋል የሚባለው ነው። ጥንጥኑ ሲፈጥን ትንንሽ የፕላስቲክ ክብደቶች ወደ ውጭ ይገፉና ከቀለበት ጋር ይፋተጋሉ፤ ፍጥነቱ ሲበርድ ራሳቸው ይለቃሉ። ረጅም ለመወርወር ሁለተኛው ይመረጣል፤ ሆኖም በብዙ ርካሽ ሪሎች ላይ እሱን ለመቀየር የጎን ክዳኑን መክፈት ያስፈልጋል። ነፋሱ በተለወጠ ቁጥር ጀልባ ላይ ሆኖ ክዳን መክፈት አሰልቺ ነው። ለጀማሪ ከውጭ የሚዞር የማግኔት ፍሬን እንመክራለን።

የኩሺኔታ ብዛት ሰው ከሚታለልባቸው ነገሮች ዋናው ነው። ሳጥኑ ላይ «10+1» ወይም «12+1» ተጽፎ ያያሉ፤ «+1» የምትለው እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ባለ ሮለር ኩሺኔታ ናት። ውርወራ ላይ የሚሠሩት ጥንጥኑን ግራና ቀኝ የሚይዙት ብቻ ናቸው። የቀሩት እጀታው ውስጥና ሌላ ቦታ ተሰክተው ቁጥር ያሳድጋሉ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ወደ 100 ዶላር እየተሸጠ የወጣው የሺማኖ ኤስኤልኤክስ 3+1 ብቻ ይዞ 12+1 ከተጻፈባቸው ብዙ ሪሎች ይበልጣል። ምክንያቱ የአሉሚኒየም አካሉና የማርሹ ጥራት ነው። ግራፋይት የሚባለው አካል በካርቦን የጠነከረ ፕላስቲክ ነው፤ ቀላልና የማይዝግ ቢሆንም ከባድ ነገር ሲጎትት ስለሚጣመም የማርሾቹ ጥርሶች ልክ አይገናኙም። የአቡ ጋርሺያ ብላክ ማክስ የዚህ ዓይነት አካልና የማግኔት ፍሬን አለው፤ ለመለማመጃ ይበቃል።

የማርሽ ጥምርታው (6.3:1 ወይም 7.1:1 ተብሎ የሚጻፈው) እጀታው አንዴ ሲዞር ጥንጥኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግራል። ክር የሞላው ጥንጥን 34 ሚሊሜትር ዲያሜትር ቢኖረው፣ 6.3:1 በአንድ ዙር 67 ሴንቲሜትር ገደማ ክር ይሰበስባል፤ 5.4:1 ወደ 58፣ 8.1:1 ወደ 87። ፈጣኑ ጉልበቱ ያንሳል፣ ዝግተኛው ከባድ የሚጎትት ማባበያን ያለ ድካም ይጎትታል። አንድ ሪል ብቻ የሚገዛ ሰው ከ6.3 እስከ 7.1 ያለውን ይውሰድ።

እጀታው በየትኛው ጎን እንዳለም ያረጋግጡ። እንደ ስፒኒንግ ሪል ፈቶ ወደ ሌላው ጎን ማዞር አይቻልም፤ የግራና የቀኝ ሆነው ለየብቻ ነው የሚሠሩት።

ሱቅ ውስጥ ወይም ያገለገለ ሲገዙ፦ እጀታውን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁት፤ ብዙ የሚወዛወዝ ከሆነ ይተዉት። ቀስ ብለው ያዙሩትና በጣትዎ ያዳምጡ፤ አሸዋ እንደገባበት የሚንቀጫቀጭ ማርሽ ዘይት አያድነውም። የአውራ ጣት መጫኛውን (ጥንጥኑን ነፃ የሚለቀውን ቁልፍ) ተጭነው ጥንጥኑን በጣት ያሽከርክሩት፤ በዝምታ ረጅም መዞር አለበት። ክር አደላዳዩ (ክሩን ግራና ቀኝ እያመላለሰ እኩል የሚያስጠቀልለው ቀዳዳ) ከዳር እስከ ዳር ሳይደናቀፍ ይሂድ።

ክር መሙላትና ማስተካከል

ለመማሪያ 12 ወይም 14 ፓውንድ የሚችል ናይሎን ክር ይጠቀሙ፤ ውፍረቱ ከ0.33 እስከ 0.36 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቀጭን ክር ሲተበተብ በራሱ ሥር ይሰምጣል። የተጎነጎነ ክር መጠቀም ካስፈለገ መጀመሪያ አሥር ሜትር ያህል ናይሎን ያስቀድሙ፤ አለዚያ ዓሣ ሲጎትት ክሩ በሙሉ ለስላሳው ጥንጥን ላይ እየተንሸራተተ ይዞራል፤ የሚበላሸው ድራጉ (ዓሣ ሲጎትት ክሩ ከሚበጠስ እንዲለቅ የሚያደርገው ፍሪሲዮን) ይመስልዎታል።

ክሩን በዘንጉ ቀለበቶችና በአደላዳዩ ቀዳዳ አሳልፈው ጥንጥኑ ላይ ይቋጥሩት። አደላዳዩን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። ሲጠቀልሉ ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ ልል ሆኖ የተጠቀለለ ክር በመጀመሪያው ውርወራ ይተበተባል። ከጥንጥኑ ከንፈር 3 ሚሊሜትር ያህል ሲቀር ያቁሙ።

አሁን ማስተካከያው። በቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. ከ14 እስከ 18 ግራም የሆነ፣ መንጠቆ የሌለው ክብደት ክሩ ጫፍ ላይ ይቋጥሩ። መለማመጃው ሜዳ ወይም ሣር ቢሆን ይሻላል።
2. የፍሬኑን ቁጥር እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርጉ።
3. ከእጀታው ሥር ያለችውን ትንሽ ክብ ማጥበቂያ ያጥብቁ። ዘንጉን አግድም ይዘው የአውራ ጣት መጫኛውን ይጫኑ። ክብደቱ ካልወረደ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያላሉ፤ በዝግታ ወርዶ መሬት ሲነካ ጥንጥኑ ከአንድ ዙር ያልበለጠ ተንቀሳቅሶ የሚቆምበት ቦታ ላይ ይተዉት።
4. አውራ ጣትዎን ጥንጥኑ ላይ አሳርፈው፣ ክብደቱ ከዘንጉ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ተንጠልጥሎ፣ በጎን በኩል ለስለስ ባለ እንቅስቃሴ ይወርውሩ። በኃይል አይምቱ። ጥንጥኑ በድንገት ከተነሳ ክሩ ሊደርስበት አይችልም።
5. ክብደቱ መሬት ወይም ውኃ ከመንካቱ በፊት በአውራ ጣት ጥንጥኑን ያቁሙ።

አብዛኛው መተብተብ የሚፈጠረው አምስተኛው ሲረሳ ነው። ክብደቱ ቆሟል፣ ጥንጥኑ ግን አላወቀም።

ሃያ ያህል ውርወራ ሳይተበተብ ካለፈ የፍሬኑን ቁጥር በአንድ ዝቅ ያድርጉ። እንዲህ እያሉ አውራ ጣትዎ ሥራውን ይረከባል። ማባበያ በቀየሩ ቁጥር ሦስተኛውን እርምጃ ይድገሙ፤ ፊት ለፊት ነፋስ ካለ ፍሬኑን ሁለትና ሦስት ቁጥር ይጨምሩ።

ድራጉን ክሩ ከሚችለው ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ያጥብቁ። 12 ፓውንድ ማለት 5.4 ኪሎ ስለሆነ 1.5 ኪሎ ገደማ ነው፤ የሻንጣ መመዘኛ ክሩ ጫፍ ላይ አስረው ቢስቡ በትክክል ያገኙታል።

ሲተበተብ

መቀስ ከማንሳትዎ በፊት ይህንን ይሞክሩ። ድራጉን ያጥብቁ፣ አውራ ጣትዎን የተተበተበው ክር ላይ ጫን አድርገው ይያዙ፣ እጀታውን ሁለት ሦስት ዙር ያዙሩት። ከዚያ መጫኛውን ተጭነው ክሩን በቀስታ ወደ ፊት ይሳቡ። ከያዘ ይድገሙት። ከሥሩ የተያዘው እጥፋት በጣት ግፊት ስለሚላላ ብዙውን ጊዜ በሦስትና በአራት ሙከራ ይፈታል። በኃይል መጎተት ግን ቋጠሮ ያደርገዋል። ከተፈታ በኋላ ክሩን በጥፍር እየዳሰሱ ይመልከቱ፤ ታጥፎ የነጣ ቦታ ካገኙ እስከዚያ ድረስ ቆርጠው ይጣሉት፤ ዓሣ ሲይዝ የሚበጠሰው እዚያ ነው።

አያያዝ

ከዓሣ ማጥመድ ሲመለሱ ድራጉን ያላሉ፣ ሪሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በጥላ ያድርቁ። ድራጉ እንደጠበቀ ለወራት ከቆየ ሮንዴላዎቹ ተጣብቀው ዓሣው ሲሮጥ እየነጠረ ይለቃል። በባሕር ያጠመደ ሰው፣ ለምሳሌ ዱባይ ወይም ኤላት፣ በዚያው ቀን ጨዉን ማውጣት አለበት፦ ውኃ ሮንዴላዎቹ ጋ እንዳይገባ ድራጉን አጥብቆ፣ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ በቀስታ አፍስሶ፣ አራግፎ፣ ከዚያ ድራጉን አላልቶ ያድርቅ። ኃይለኛ የውኃ ግፊት አሸዋና ጨውን ወደ ውስጥ ይነዳል።

በየሦስትና አራት ጉዞው ቀጭን ዘይት ያጠጡ፦ ጥንጥኑን በሚይዙት ኩሺኔታዎች አንድ አንድ ጠብታ፣ አደላዳዩን በሚያመላልሰው ጠመዝማዛ ብረት ሁለት ጠብታ፣ በእጀታው መያዣዎች አንድ ጠብታ። ለሪል የተሠራው ዘይት ካልተገኘ ንጹሕ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ የሚረጨውን ግን አይጠቀሙ፤ ውስጥ ያለውን ግራሶ አጥቦ ያወጣና ማርሹን ደረቅ ያስቀረዋል።

በዓመት አንዴ (በባሕር ከሆነ ሁለቴ) ይፍቱት። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ ያንጥፉ፣ ትክክለኛ ልክ ያለው ካቻቢቴ ያዘጋጁ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ ያንሱ። የጎን ክዳኑን ከፍተው ጥንጥኑን ያውጡ። ኩሺኔታዎቹን ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ጨምረው ያራግፉ፤ የሚወጣው ጥቁር ነገር ውርወራዎን ሲያሳጥር የነበረው ነው። አድርቀው በጣት ሲያሽከረክሩት በነፃነት ከዞረ አንድ ጠብታ ዘይት ይስጡት። ግራሶ እዚህ ቦታ የለውም፤ ጥንጥኑን ያከብደዋል። ሴንትሪፉጋል ፍሬን ካለ ክብደቶቹና ቀለበቱ ዘይት እንዳይነካቸው፤ ፍሬንነታቸው ይጠፋል።

በእጀታው በኩል መጀመሪያ ትንሿን ብሎን፣ ከዚያ ዳዶውን፣ እጀታውን፣ ኮከብ ቅርጽ ያለውን የድራግ ማጥበቂያ እያወጡ ፎጣው ላይ በወጡበት ቅደም ተከተል ይደርድሩ። የግራ እጀታ ባላቸው ሪሎች ዳዶው ብዙውን ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚፈታው፤ እምቢ ካለ አያስገድዱት፣ አቅጣጫውን ያረጋግጡ። ክዳኑን ሲያነሱ ከውስጥ ያሉት ሁለት ደቃቅ ሞላዎች ሊወረወሩ ስለሚችሉ እጅዎን ግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብተው ቢፈቱ አይጠፉም። አሮጌውን ግራሶ በጥርስ ብሩሽ ያስወግዱ፤ አዲሱን በቀጭን ቡርሽ በጥርሶቹ ላይ ብቻ ስስ አድርገው ይቀቡ። የካርቦን ሮንዴላዎችን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይመልሱ፤ ወይ ደረቅ፣ ወይ ለድራግ የተሠራ ግራሶ በስሱ፣ ዘይት ግን በፍጹም።

ከገጠሙት በኋላ እጀታው ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ሮለር ኩሺኔታው ውስጥ ግራሶ ገብቷል ማለት ነው፤ በአልኮል አጥበው እንጥፍጣፊ ቀጭን ዘይት ብቻ ይስጡት። አደላዳዩ አንድ ዳር ደርሶ ከቆመ ጠመዝማዛው ብረት ውስጥ የምትገባዋ ትንሽ ምላስ ተበልታለች፤ ለብቻዋ የምትሸጥ ርካሽ ዕቃ ስለሆነች ሪሉን አይጣሉት። እጀታውን ሲያዞሩ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ የሚንቋቋ ከሆነ ግን የማርሹ ጥርስ ተጎድቷል፤ የ40 ዶላር ሪል ማርሽ መለወጥ ከአዲሱ ጋር የተቀራረበ ዋጋ ሊያስወጣ ስለሚችል መጀመሪያ የዕቃውን ዋጋ ይጠይቁ።