የመጀመሪያው ቆልማማ ደጋን፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በወሎ ደጋን ሲባል ጥጥ የሚነደፍበት መሣሪያም ስለሚታሰብ፣ እዚህ የማነሣው ፍላጻ ስለሚወረወርበት የእንጨት ደጋን መሆኑን አስቀድሜ ልግለጽ። ቀጥ ያለ ደጋን ሠርቶ የጨረሰ ጀማሪ ቀጥሎ የሚመኘው ጫፎቹ ወደ ዒላማው አጥብቀው የተቆለመሙትን ነው። በዚህ ምኞት የሚመጡት ብልሽቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ ጉድለት ይልቅ ከንድፍ ምርጫ የሚመነጩ ስለሆኑ፣ ለመጀመሪያ የምመክረው ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ የየክንዱ (ከመያዣው ወዲያና ወዲህ ያለው የደጋኑ ግማሽ) የመጨረሻ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ በ3 ወይም በ4 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት የታጠፈውን ነው።

ደጋኑ ሲሳብ ክንዱ ከተጠመዘዘና አውታሩ (የደጋኑ ገመድ) ከጫፉ ወደ ጎን ከተንሸራተተ፣ መንስኤው ጫፉ ከመያዣው መሐል ጋር በአንድ መስመር ላይ አለመዋሉ ነው። ቀጥ ያለ ደጋን ትንሽ ጠማማነትን ይችላል፤ በጣም የተቆለመመ ጫፍ ግን አውታሩ ክንዱን እንደ መፍቻ እንዲያዞረው ያደርጋል። መፍትሔው ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥሮ ስሕተቱን መለየት፣ ቦታውን ሳይጠቁር በከሰል ፍም ማሞቅ፣ ከዚያም በሞርሳ አስሮ ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፎ ማዞርና እስኪቀዘቅዝ መተው ነው። ሁለት ጊዜ ተስተካክሎ ከተመለሰ እጥፋቱን መቀነስ ይሻላል።

የታጠፈው ጫፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ነበረበት የሚመለስበት ችግር በእኛ አካባቢ የራሱ ምክንያት አለው። በእንፋሎት ለማጠፍ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ይበቃል የሚለው ልማድ ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ዝቅተኛ ቦታ የሚስማማ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ግን እንፋሎቱ በሁለት ዲግሪ ያህል ይበልጥ ይሞቃል። የመጀመሪያውን ደጋኔን ደሴ ላይ በክረምት አጥፌ በማግሥቱ ከቅርጽ ማውጫው ጣውላ ላይ ስፈታው ግማሹ እጥፋት በሳምንት ጠፋ፤ እንጨቱ በቂ ሙቀት አላገኘም፣ ከእንፋሎቱ የጠጣውም እርጥበት አልወጣለትም ነበር። አሁን ለ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከአንድ ሰዓት ተኩል አላሳንስም፤ ከጣውላው ጋር እንደታሰረም አንድ ሳምንት፣ በክረምት ደግሞ ሁለት ሳምንት፣ ጭስ በሌለው ደረቅ ክፍል አቆየዋለሁ።

ጫፉ ሲሞረድ ከሚገባው በላይ ሳስቶም ሊዘረጋ ይችላል። የእንጨት ግትርነት፣ ማለትም አልታጠፍ ባይነቱ፣ ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ፣ ከ10 ሚሊ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢነሣ ግትርነቱ በ27 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የታጠፈው ክፍል ሳይተጣጠፍ ግትር ሆኖ እንዲቀር ውፍረቱ ይተውለት፤ ክንዱን ማመጣጠን የሚገባው ከመያዣውና ከእጥፋቱ መካከል ባለው ቀጥ ያለ ክፍል ነው።

ወደ ተኳሹ በሚያየው ፊት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ አግድም መስመሮች ከታዩ፣ እንጨቱ በዚያ ቦታ ከአቅሙ በላይ ታምቋል ማለት ነው። መስመሮቹ አይጠፉም፤ ነገር ግን ከቦታው ግራና ቀኝ ያሉትን ግትር ክፍሎች በጥቂቱ በመሞረድ ጫናውን ማካፈልና የሚሳብበትን ርቀት ማሳጠር ይቻላል።

ወደ ዒላማው በሚያየው ፊት ላይ ስንጣሪ ከተነሣ አውታሩ ወዲያውኑ ይውረድ። ብዙውን ጊዜ የእንጨቱ መስመር በመላጊያ ተቆርጧል፤ ይህ ፊት ከቅርፊቱ ሥር እንደወጣ ሳይነካ መቅረት ነበረበት። ትንሽ ስንጣሪ በሙጫ ተሞልቶ በክር ተጠቅልሎ ሊያገለግል ይችላል። ከክንዱ ስፋት ሩብ ያህል የሚደርስ ከሆነ ግን ደጋኑ ሲሳብ በተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል ዳግመኛ አውታር አይግባበት።