ፍላት ቴሌቪዥን አልበራ ሲል፦ ከቀይዋ መብራት ጀምሩ

በጎጃም ከሰኔ እስከ መስከረም መብረቅም የመብራት መቆራረጥም ይበዛል፤ ቴሌቪዥን ድንገት አልበራ የሚለውም በብዛት ያኔ ነው። "ሜይን ቦርዱ (ምስልና ድምፅ የሚያዘው ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል" ለማለት ማንም አይዘገይም። ሳይለኩ ቦርድ መግዛት ግን ገንዘብ መበተን ነው። ከስክሪኑ ግርጌ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት የት መፈለግ እንዳለባችሁ ትናገራለች።

ቀይዋ ጭራሽ አትበራም

መጀመሪያ ከውጭ። ስፒናውን ከማከፋፈያው ንቀሉና ግድግዳው ላይ ሰኩት፤ ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ፈትሹ። ስታብላይዘር ካለ ለጊዜው እለፉት፤ አንዳንዶቹ መብራት ከተመለሰ በኋላ ደቂቃዎች ቆይተው ኃይል ስለሚለቁ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ይመስላል። ከዚያ ከሶኬት ነቅላችሁ የቴሌቪዥኑን ማብሪያ 30 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ 10 ደቂቃ አቆይታችሁ ሰኩት። መብራት ብልጭ ድርግም ካለ በኋላ ደንዝዞ የቀረ ቴሌቪዥን በዚህ ብቻ የሚነሳበት ጊዜ አለ።

ካልተነሳ ጀርባው ይከፈታል። የኤሌክትሪክ ልምድ የሌለው ሰው ግን እዚህ ላይ ያቁም። ፓወር ቦርዱ (ኃይል የሚያድለው ሰሌዳ) ላይ 450 ቮልት የተጻፈበት ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ቆርቆሮ) ከሶኬት ተነቅሎም 310 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በካቻቢቴ አጋጭቶ ማውረድ የቆየ ልማድ ነው፤ ብልጭታው ቦርዱንም ዓይንንም ይጎዳል። ባለ 60 ዋት የድሮውን አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) በሽፋን ባለው ሽቦ ሁለቱ እግሮች ላይ ያዙት፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከዚያም በመልቲሜትር ዜሮ መድረሱን እዩ።

አሁን ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ያለውን ፊውዝ ለኩ፤ 3.15 አምፒር የተለመደ ነው። መስታወቱ ጥርት ብሎ ክሯ ብቻ ከተበጠሰች በዚያው ቁጥር ቀይሩና ሞክሩ። ውስጡ ጥላሸት ከለበሰ ግን ከጀርባው ሾርት አለ፦ ወይ ባለ አራት እግሩ ዳዮድ ወይ ሞስፌቱ (ባለ ሦስት እግሩ ትራንዚስተር) ተቃጥሏል፣ ወይም ከግፊት የምትከላከለው ሰማያዊዋ ክብ ቫሪስተር ተሰንጥቃለች። እነዚህን ሳትለኩ አዲስ ፊውዝ ብትከቱ እሱም ወዲያው ይሄዳል። ስትሞክሩ በፊውዙ ቦታ ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ አስገቡ፤ ብልጭ ብሎ ከፈዘዘ ደህና ነው፣ ደምቆ ከቀረ ሾርቱ አልጠፋም። በሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ወይም በመዳብ ክር የታሰረ ፊውዝ የሚያጋጥመው ብዙ ነው፤ እሱ ቴሌቪዥን መጠገን ሳይሆን ለቤት እሳት ማዘጋጀት ነው።

ስለ ምጣድ አንድ ነገር፦ ማታ ምጣድ ሲጣድ መብራቱ ስለሚፈዝ ቴሌቪዥኑን ያ ያቃጠለው የሚመስለው ሰው አለ። ጀርባውን አንብቡ፤ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራሉ። አደገኛው ከሄደ በኋላ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው። ከዚያም የባሰው የሰፈሩ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ሲበጠስ ነው፤ 220 የነበረው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ምልክቱ የአንዱ ቤት አምፖል ከልክ በላይ ሲደምቅ የጎረቤት ሲፈዝ ነው፤ ያን ጊዜ ብሬከሩን አውርዱ።

ቀይዋ አለች፣ ቴሌቪዥኑ ግን አይነሳም

ሪሞቱን ወደ ስልክ ካሜራ አዙራችሁ ተጫኑ፤ ወይን ጠጅ ብርሃን ካልታየ በስልኩ የፊት ለፊት (የሰልፊ) ካሜራም ሞክሩ፣ ከዚያም ባትሪ ቀይሩ። ማብሪያውን በእጅ ተጭናችሁ ከተነሳ ችግሩ የሪሞት ወይም የመቀበያው ነው።

ካልሆነ ከላይ እንደተባለው ነቅላችሁ፣ ከፍታችሁና ትልቁን ካፓሲተር አራግፋችሁ ፓወር ቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ካፓሲተሮች አናት በጎን እዩ። ደህናው አናት እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ነው፤ የተበላሸው ያብጣል፣ አንዳንዴም ቡናማ ነገር ያወጣል። የማይክሮፋራዱ ቁጥር ያው ሆኖ፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበትን ግዙ፤ ነጭ መስመር ያለበትን የኔጌቲቭ እግር ሳታምታቱ በይዱ።

ካፓሲተሮቹ ደህና ከሆኑ ልኬት ይመጣል። ፓወር ቦርዱንና ሜይን ቦርዱን በሚያገናኘው ሽቦ አጠገብ የእግሮቹ ስም ታትሟል። ስታንድባይ (STB) የሚለው ላይ 5 ቮልት፣ በአንዳንዱ 3.3 ይገኛል። ሪሞት ስትጫኑ ፒኤስ ኦን (PS-ON፣ ሜይን ቦርዱ ለፓወር ቦርዱ የሚሰጠው የማብሪያ ትእዛዝ) የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ ወደ 3 ቮልት ገደማ ይወጣል። እሱ ወጥቶ 12 ቮልቱ ካልመጣ ጥፋቱ የፓወር ቦርዱ ነው። ስታንድባዩ እያለ ፒኤስ ኦን ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ሜይን ቦርዱን ተጠራጠሩ። ርካሽ ባለ 32 ኢንች ላይ ሁለቱ አንድ ቦርድ ስለሆኑ ይህ ልዩነት አይሠራም።

ድምፅ አለ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው

ይህ "አልበራም" ተብሎ ቢመጣም በርቷል። ክፍሉን አጨልማችሁ ስክሪኑ ላይ ባትሪ መብራት በጎን አብሩ፤ ምስሉ ደብዝዞ ከታየ የሞተው ባክላይት (ስክሪኑን ከጀርባ የሚያበራው) ነው። የባክላይቱ ትንንሽ አምፖሎች በተከታታይ የታሰሩ ስለሆኑ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ ሁሉ ይጠፋል። የተቃጠለችውን ብቻ ሳይሆን አምፖሎቹ የተደረደሩበትን ሙሉ ስትሪፕ ቀይሩ፤ አሮጌዎቹ ብዙ አይቆዩም።

መብረቅ ከመታው

ስፒናው ተነቅሎም ቴሌቪዥን ይሞታል፤ መብረቅ በዲሽ ኬብል ወደ ሪሲቨሩ፣ ከዚያም በኤችዲኤምአይ ወደ ሜይን ቦርዱ ስለሚገባ። ፊውዙ ደህና ሆኖ ሪሲቨሩም አብሮ ከሞተ ጥፋቱን መጀመሪያ ሜይን ቦርዱ ላይ ፈልጉ። ምትክ ሜይን ቦርድ ስትገዙ ከሞዴሉ ሌላ ፓነሉ (ስክሪኑ ራሱ) ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፤ ቦርዱ ከፓነሉ ጋር ካልተገጣጠመ ምስሉ ይገለበጣል ወይም ቀለሙ ይዛባል። ደመናው ሲጠቁር ስፒናውንም የዲሹን ኬብልም ንቀሉ፤ መብረቁ ከጀመረ በኋላ ግን ኬብሉን አትንኩ።