ጀርመን ስንገባ የልጆቹ ሰዓት ለምን ወደ ኋላ ቀረ?

ባለቤቴ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ስለሆነ በቅርቡ ከቴክሳስ ወደ ጀርመን ተዛወርን። ከዕቃችን ጋር የመጣው የልጆቹ የጠረጴዛ ሰዓት በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። የተሰካው በትራንስፎርመር ነው። ሌላው ዕቃ ደህና ይሠራል። ልጆቹ ግን ጠዋት ጠዋት ያረፍዳሉ።

ደጋግሜ አስተካከልኩት። ሶኬት ቀየርኩ። ከጎረቤት ትልቅ ትራንስፎርመር ተዋስኩ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ሰዓቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ፦ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ትራንስፎርመር የጀርመኑን 230 ቮልት ወደ 120 ያወርዳል እንጂ 50 ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ አይነካውም። እንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ደግሞ ጊዜ የሚቆጥረው በኤሌክትሪኩ ሞገድ ነው። በሴኮንድ 60 ሲጠብቅ 50 ብቻ ይመጣለታል። በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ገዛሁና ተገላገልኩ።

«100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ ያለው ቻርጀር ወይም ላፕቶፕ ትራንስፎርመር አይፈልግም፤ የሶኬት አዳፕተር ይበቃዋል። የእንጀራ ምጣዱስ? እውነቱን ለመናገር ከሰዓቱ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነበር። ሥራው መጋል ስለሆነ ኸርዙ ግድ አይሰጠውም። ትራንስፎርመሩ ግን ከምጣዱ ዋት በላይ የሚችል መሆን አለበት።