ፒካፓችሁን ከኋላ ዝቅ የሚያደርግ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት መኪናው ሥር ግቡ። የእጅ ባትሪና ሜትር ይበቃችኋል። ሁለት ነገር እዩ። ባሌስትራው (መኪናውን ከኋላ የሚሸከመው ንብብር የብረት ሞላ) ከአክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት) በላይ ነው ወይስ በታች? በአክስሉና በሻንሲው (መኪናው የተሠራበት ዋናው የብረት አጽም) መካከልስ ስንት ኢንች ክፍት ቦታ አለ? ብዙ ሰው «4 ኢንች ዝቅ ያደርጋል» የሚል ኪት (አብሮ የሚሸጥ የዕቃ ስብስብ) አይቶ ያዛል። ያ 4 ኢንች ግን የሚቀነሰው፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ አክስሉ ወደ ላይ ከሚጫወትበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚለካው የሚተርፈው ቦታ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ በብዛት የምታዩትን ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ 1500 እንውሰድ። ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ከፊቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሲጫን እንዲስተካከል ነው። ባዶውን ሲሄድ ቀጥ እንዲል ብቻ ከፈለጋችሁ ከ1 እስከ 2 ኢንች በቂ ነው። ይህን ሻክል በመቀየር ታገኙታላችሁ። ሻክል የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ተወዛዋዥ ብረት ነው። ሒሳቡን ልብ በሉ፦ አንዱን ጫፍ ብቻ 2 ኢንች ብታነሱት መኪናው ዝቅ የሚለው ወደ 1 ኢንች ብቻ ነው፣ ምክንያቱም አክስሉ የተቀመጠው ከሁለቱ ጫፎች መሃል አካባቢ ነው። ሻክሉ ከሻንሲው ወደ ታች የተንጠለጠለ ከሆነ ዝቅ የሚያደርገው አጭሩ ነው። የባሌስትራው ጫፍ ሻክሉ ሻንሲው ላይ ከታሰረበት ቦታ በላይ ከሆነ ደግሞ ረጅሙ ነው። በግምት አትግዙ፤ ለመኪናችሁ ሞዴልና ዓመት የተሠራውን ጠይቁ።

የፊተኛውን ጫፍ የሚይዘው ሀንገር ይባላል። እሱን መቀየር ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሪቬት የተመታ ስለሆነ በግራይንደር ቆርጦ በጠንካራ ብሎን መተካት ይፈልጋል።

ከዚያ በላይ መውረድ ለሚፈልግ ፍሊፕ ኪት አለ። ሲልቨራዶ ላይ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ነው የሚቀመጠው፤ ኪቱ ከአክስሉ በታች ያወርደዋል። በዚህ ብቻ ወደ 5 እና 6 ኢንች ይወርዳል። ግን አክስሉ ከሻንሲው ጋር ሊነካካ ይደርሳል፣ ስለዚህ ሲ ኖች የግድ ነው፤ ማለትም ከአክስሉ በላይ ያለው ሻንሲ በግማሽ ክብ ተቆርጦ በወፍራም ብረት ይጠናከራል። ያለ ሲ ኖች ፍሊፕ ኪት የሚገጥምላችሁ ጋራዥ ካለ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ። ጥቂት ሰዎች ጭናችሁ እብጠት ላይ ስትወጡ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ወገባችሁም ይሰማዋል።

ብሎክ (በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ድፍን ብረት) ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች ይመርጡታል። ዝቅ የሚያደርገው ግን ባሌስትራው ከአክስሉ በታች በሆነ መኪና ላይ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ የሚነዳው ሸቭሮሌ ኤስ 10። ሲልቨራዶ ላይ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ብታስገቡት መኪናውን ጭራሽ ከፍ ያደርገዋል።

ፒካፕ ያልሆነው ሸቭሮሌ ታሆ ሌላ ነው። ከ2000 እስከ 2020 ሞዴል ያለው ከኋላ ባሌስትራ የለውም፣ ጥምዝ ሞላ ነው ያለው። አጭር ሞላ ሲገባ ከ2 እስከ 3 ኢንች ይወርዳል። አክስሉን ከጎን የሚይዘው ትራክ ባር ግን ርዝመቱ ስለማይለወጥ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፤ አንዱ ጎማ ወጣ፣ ሌላው ገባ ይላል። ርዝመቱ የሚስተካከል ትራክ ባር ጨምሩበት። ከፍታውን ራሱ የሚያስተካክል ዓይነት ከሆነ ሴንሰሩም መስተካከል አለበት፣ አለዚያ አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር መልሶ ሊያነሳው ይታገላል። ከ2021 ወዲህ ያለው የኋላ ጎማው ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ዕቃው ሁሉ የተለየ ነው።

ከየትኛውም ጋር ሾክ አብዞርበሩን በአጭር ቀይሩት። የድሮው ረጅም ስለሆነ ቶሎ መጨረሻው ድረስ ተጨምቆ ይበላሻል። አክስሉ ስለሚዞር ድራይቭ ሻፍቱ (የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ አክስል የሚወስደው ዘንግ) የሚገባበት አንግልም ይለወጣል፤ ሀይዌይ ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ሾጣጣ ብረት ያስተካክለዋል። ቆየት ያለ ቶዮታ ሃይሉክስ ያላችሁ ደግሞ፣ ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘውን የፍሬን ቫልቭ አትርሱት። ቫልቩ አክስሉ ወደ ሻንሲው ሲቀርብ መኪናው የተጫነ ይመስለዋል፣ ለኋላ ፍሬን ግፊት ይጨምራል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዙ የኋላ ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። አገር ቤት ኮረኮንች ላይ ለሚሠራ ሃይሉክስ ግን ዝቅ ማድረግን ጨርሶ አልመክርም።

ሥራው ሲጀመር መኪናውን በክሪክ ብቻ አታቁሙ፣ ሻንሲውን በስታንድ አስደግፉት፤ አክስሉን በሌላ ክሪክ ያዙት። አክስሉንና ባሌስትራውን የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይተኩ፤ ተስበዋል። የጎሚኒዎቹን ብሎኖች ጨርሳችሁ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፣ አለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ከ100 ማይል ገደማ በኋላ ሁሉንም ብሎን ደግማችሁ አጥብቁ።

ፊቱን ከፍ፣ ኋላውን ዝቅ ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ ሕጉን እዩ። ኖርዝ ካሮላይና በ2021፣ ቨርጂኒያ በ2022 ፊቱ ከኋላው 4 ኢንችና ከዚያ በላይ ከፍ እንዲል የተደረገን መኪና ከመንገድ ከልክለዋል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከጎማው ቸርኬ ዝቅተኛ ጫፍ በታች የወረደ የመኪና አካል እንዲኖር አትፈቅድም።